ሰንበት ስለ ማን ተፈጠረ? የእሸቱ ጥቅስ በካፋ ምድር

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 23 እስከ 28 የሚገኘው ታሪክ አጭር ቢሆንም፣ በአይሁድና በክርስቲያኖች መካከል፣ ቆይቶም በክርስቲያኖች በራሳቸው መካከል የተነሣው የሰንበት ክርክር ከሞላ ጎደል ሁሉ በውስጡ አለ። ኢየሱስ በሰንበት ቀን በእርሻ መካከል ሲያልፍ ደቀ መዛሙርቱ እሸት ቀጠፉ። ፈሪሳውያን፣ ማለትም የኦሪትን ሕግ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ በጥንቃቄ ለመፈጸም የተነሡ የአይሁድ ወገኖች፣ በሰንበት ያልተፈቀደ ነገር ለምን እንደሚደረግ ጠየቁ። መልሱ ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት መብላቱን ያስታውስና ሰንበት የተፈጠረው ስለ ሰው እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አለመፈጠሩን ይናገራል፤ የሰው ልጅ የሰንበትም ጌታ ነው በሚል ቃልም ያበቃል። ይህ የመጨረሻ ክፍል ለብዙ አንባቢ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ይበልጣል፣ ሥርዓት ያንሳል በሚል ትርጉም ለስብከትም ለሙግትም ሲያገለግል ኖሯል። እንዲህ ያለው አነባበብ ግን ቃሉን ከተነገረበት እርሻ ነቅሎ ስለሚወስደው፣ ጥቅሱ ለመመለስ የተነሣበትን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል።

ጥያቄው ስለ እጅ ሥራ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 መሠረት መንገደኛ በባልንጀራው እርሻ ሲያልፍ እሸት በእጁ መቅጠፍ ይችላል፤ የተከለከለው ማጭድ ማስገባት ነው። ስለዚህ ደቀ መዛሙርቱ በስርቆት አልተከሰሱም። የተከሰሱት በቀኑ ነው። በቃል ሲተላለፉ የኖሩትን የአይሁድ ሕግጋት የሰበሰበውና እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው መጽሐፍ በሰንበት የሚከለከሉ 39 ዓይነት ዐበይት ሥራዎችን ይቆጥራል፤ ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እህሉን ከገለባው መለየትና መፍጨት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በዚህ ዐይን ሲታይ እሸት የቀጠፈ ሰው አጭዷል፤ ሉቃስ እንደሚጨምረው በእጁ ካሸው ደግሞ ወቅቷል። ክሱ የተንኮል ክስ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ደግሞ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34 ቁጥር 21 የተጻፈውን ማስታወስ ያሻል፤ በዚያ ቦታ ሕጉ በእርሻና በመከር ወራት እንኳ በሰባተኛው ቀን ዕረፍት እንዲሆን ያዝዛል። ገበሬ ለመሥራት በጣም የሚቸኩልበትን ወቅት ሕጉ ለይቶ ጠርቶ ያኔም ቢሆን ዕረፍ ይለዋል። ማጭድ ሲደርስ ሰንበት ይላላል የሚል አንባቢ ይህን ቁጥር ሳይሻገር ወደ ማርቆስ ሊደርስ አይገባውም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በካፋ፣ በቦንጋና በዙሪያዋ ለሚኖር ሰው «እሸት» የሚለው ቃል የስንዴን ዛላ ብቻ የሚያስታውስ አይደለም። ቀልቶ ከቅርንጫፉ የተለቀመውን፣ ገና ያልደረቀውን ቡና ገበሬውም ነጋዴውም እሸት ቡና ይለዋል፤ ከነገለፈቱ የደረቀው ደግሞ ጀንፈል ይባላል። የአማርኛው ወንጌል ደቀ መዛሙርቱ የቀጠፉትን በዚሁ ቃል ስለሚጠራው፣ ለካፋ አንባቢ ጥቅሱ ከሩቅ የገሊላ እርሻ ተነሥቶ በጓሮው ካለው የቡና ጥላ ሥር ይገባል። ይህ የቃል መገጣጠም ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልጠቀመ ነበር፤ ነገር ግን የእሸት ቡና ጠባይ በራሱ የሰንበትን ጥያቄ ስለሚያስነሣ ዝቅ ብሎ እንደገና ይነሣል።

አስቀድሞ «ስለ» የምትለዋን ትንሽ ቃል መመርመር ይገባል። በአማርኛ «ስለ» ሁለት ፊት አላት፤ ስለ ቡና ተናገረ ሲባል የነገሩን ርእስ ታመለክታለች፣ ስለ ማርያም ተብሎ በደጀ ሰላም ሲለመን ግን የሚደረገው ነገር ለማን ሲባል እንደሚደረግ ትናገራለች። የግእዙ «በእንተ» እንዲሁ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሲለምን በእንተ ስማ ለማርያም የሚለው በዚህ በሁለተኛው ስሜት ነው። የግሪኩ «ዲያ» በዚህ አገባቡ ምክንያትን፣ ለእገሌ ሲባል የሚለውን ያመለክታል። እንግዲህ ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ ማለት ለሰው ሲባል፣ ሰው እንዲያገኘው ተሰጠ ማለት ነው፤ ሰው እንደ ፈለገ ያደርጋት ዘንድ ተሰጠችው ከማለት ይህ ይለያል። ስለ ማርያም ተብሎ የተሰጠውን ቁራሽ ለማኙ ቢንቀው የተናቀው ቁራሹ ብቻ አይደለም።

ይህ ትምህርት ለአይሁድ ሊቃውንት ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖሩት ረቢ ሺሞን ቤን ሜናስያ ሰንበት ለእስራኤል እንደ ተሰጠች እንጂ እስራኤል ለሰንበት እንዳልተሰጡ ማስተማራቸው በኦሪት ዘጸአት ትርጓሜ ውስጥ ተጽፏል፤ ነፍስን ለማዳን ሰንበትን መሻር የሚገባ መሆኑም በረቢዎቹ ዘንድ የጸና ሕግ ነው። በግሪክኛው አንደኛ መጽሐፈ መቃብያን (ከኢትዮጵያው መቃብያን የተለየ መጽሐፍ ነው) በሰንበት አንዋጋም ብለው አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ከነቤተሰባቸው ማለቃቸው፣ ከዚያም የአይሁድ ተዋጊዎች መሪ የነበረው ማታትያስና ወገኖቹ በሰንበት ቢመጡባቸው ራሳቸውን ለመከላከል መወሰናቸው ተተርኳል። ክርክሩ ሰንበት ትኑር ወይስ አትኑር የሚል አልነበረም። ደቀ መዛሙርቱ በሞት አፋፍ ላይ አልነበሩም፤ የራባቸው መንገደኞች ብቻ ነበሩ፤ ኢየሱስም የነፍስ አድኑን በር ወደ ተራ ረሀብ አሰፋው። አዲሱ ነገር ይህ ነው፣ ትንሽም አይደለም።

የሚያስገርመው ቁጥር 27 በማርቆስ ብቻ መገኘቱ ነው። ማቴዎስና ሉቃስ ታሪኩን ሲጽፉ የሰው ልጅ የሰንበት ጌታ መሆኑን ይዘው ይህን ቃል አላስገቡም፤ ኮዴክስ ቤዛ የሚባለው ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍም ከማርቆስ ውስጥ ዘሎታል። ማቴዎስ በምትኩ ከትንቢተ ሆሴዕ ምሕረት ከመሥዋዕት የምትበልጥ መሆኗን የሚናገረውን ቃል አምጥቷል። ቃሉ ሰፊ በመሆኑ ያልተገራ አንባቢ እጅ እንዳይገባ የተሠጋ ይመስላል፤ ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም።

ከሰንበቱ ጥቅስ ጋር አብሮ የሚጠቀሰው በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 7 ያለው ነው፤ በዚያ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ትተው የሰውን ወግ የሚጠብቁ ይወቀሳሉ። «ወግ» ከቀደሙት ተቀብሎ ለተከታዮች የሚያስረክቡት ሥርዓት ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን ለወቀሳም ለምስጋናም ይጠቀምበታል፣ ምክንያቱም ጳውሎስ በሁለተኛው የተሰሎንቄ መልእክቱ የተማሩትን ወግ እንዲይዙ ምእመናኑን ያዝዛቸዋል። እንግዲህ ወግ በመሆኑ ብቻ የሚወቀስ ነገር የለም። በምዕራፍ 7 የተሰጠው ምሳሌ ቁርባን ነው፤ ለአባትና ለእናት መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብሎ የሚከለክል ልጅ ወጉን ይዞ ወላጆቹን ያስርባል። ወጉ የተመዘነው በአሮጊቷ እናት መሶብ ነው፤ በምዕራፍ 2 ደግሞ በተራቡት መንገደኞች ሆድ። ሁለቱን ቦታዎች የሚያስተሳስራቸው ይህ ነው፤ የወግን ዘመን ወይም ምንጭ ከመጠየቅ በፊት ማን ጦሙን እንዳደረ ይጠይቃሉ።

ለኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የመጻሕፍት ክርክር ሆኖ አልቀረም፤ የሳምንቱ ቀናት ስሞች ሳይቀሩ ይመሰክሩበታል። «ቅዳሜ» ቀዳሚት ሰንበት ከሚለው የመጣ ነው፤ ፊተኛይቱ ሰንበት ማለት ነው፣ እሑድ ደግሞ የክርስቲያን ሰንበት ትባላለች። በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ ያለችው ቅዳሜ ስሟ ቅዳሜ ሥዑር፣ በሕዝቡ አጠራር ቅዳሜ ሹር፣ የተሻረች ቅዳሜ ነው፤ በሌላ ጊዜ በቅዳሜ እህል ውኃ ሳይቀምሱ መጾም የተከለከለ ሲሆን ክርስቶስ በመቃብር ባደረባት ቀን ግን ስለሚጾም፣ በዚያች ዕለት ክብሯን ለቃ ትቆማለች። ሰንበትን አጥብቆ የሚያከብር ወግ የሰንበትን መሻር በራሱ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ በስም ጠርቶ አስቀምጦታል። በሌላ በኩል ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ የተጠበቀው መጽሐፈ ኩፋሌ በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት መንገድ የሚሄደውን፣ እሳት የሚያነደውን፣ ሸክም የሚያነሣውን ሞት ይገባዋል ይላል። ኩፋሌና ማርቆስ በአንድ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ከውጭ የመጣ አይደለም።

በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት እኩል መከበር አለባቸው ብለው አስተማሩ። የእስክንድርያ መንበርና ከዚያ የሚላኩት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው በሚል ይቃወሙ ስለነበር፣ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ትተው ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ክህነት ተከልክለው በራሳቸው ገዳማት፣ በተለይም በኋላ በተመሠረተው በደብረ ቢዘን፣ ጸንተው ቆዩ። ዐፄ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1404 ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1450 በሸዋ፣ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የሁለቱን ሰንበታት መከበር የመላው ቤተ ክርስቲያን ሕግ አደረጉት። ብዙውን ጊዜ ይህ ታሪክ የወግ አጥባቂዎች ድል ተደርጎ ይነገራል፤ ነገሩን በማርቆስ 7 መነጽር ለተመለከተው ግን መልኩ ይገለበጣል። ኤዎስጣቴያውያን ከዐሠርቱ ቃላትና የሐዋርያት ናቸው ከሚሏቸው ሥርዓቶች ተነሥተው የተሟገቱት፣ በወቅቱ በሥልጣን ላይ ከነበረው የመንበሩ ልማድ ጋር ነበር። ሁለቱም ወገን ሌላውን የሰው ወግ ያዥ ብሎ ሊከስስ ይችል ነበርና፣ ወግ የሚለው ወቀሳ ብቻውን ማንንም አያሸንፍም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥቅሱ የሚቀርበው የዐፄ ገላውዴዎስ ቃል ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ኢትዮጵያውያን አይሁዳዊ ሥርዓት ይዘዋል ለሚሉት የካቶሊክ መልእክተኞች ሲመልሱ፣ ቅዳሜን የሚያከብሩት ውኃ የማይቀዱባት፣ እሳት የማያነዱባት፣ እንጀራ የማይጋግሩባት ቀን አድርገው እንዳልሆነ ገለጹ፤ በዲድስቅልያ እንደ ታዘዘው ቁርባን የሚያቀርቡባትና የፍቅር ማዕድ የሚያደርጉባት ቀን እንደሆነች ተናገሩ። ዲድስቅልያ የሐዋርያት ትምህርት ተብሎ የሚታወቀው የሥርዓት መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ሰንበት ባልተሠራው ሥራ መለካቷ ቀርቶ በተዘረጋው ማዕድ ተለካች። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳቦና ጠላ ቀርቦ ችግረኛው ከባለጸጋው ጋር የሚቀመጥበት ሰንበቴ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ እሸት ቀጥፎ የበላው ደቀ መዝሙር ቢመጣም ቦታ አያጣም። በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የቅዳሜ አከባበር በአዋጅ ሲከለከል ሕዝቡ ያን ያህል የተቆጣው ምናልባት አንድ ቀን ስለ ተወሰደበት ብቻ ሳይሆን ማዕዱም አብሮ ስለ ተነካ ይሆናል።

ካፋ ከዚህ ሰሜናዊ ታሪክ ጋር የተገናኘችው በተቆራረጠ መንገድ ነው። ክርስትና ወደ ጎንጋ አገሮች፣ ማለትም እንደ ካፋና እናርያ ተዛማጅ ቋንቋ ወደሚናገሩ የደቡብ ምዕራብ መንግሥታት፣ መግባቱ በዋናነት ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ በመካከል ባለው ምድር የሕዝብ እንቅስቃሴና የመንግሥታት ለውጥ ስለ መጣ ካፋ ከሰሜኑ ቤተ ክህነት ተለይታ ቆየች፤ ክርስትናውም ኤቆ ከሚባለው መንፈስና ከነባሩ እምነት ጋር ጎን ለጎን ኖረ። በመስከረም የሚከበረውን የካፋ ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሮን፣ ከመስቀል በዓል ስም ጋር የሚያያይዙት አሉ። የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት ጣሊያናዊው ጳጳስ ጉሊዬልሞ ማሳያ፣ በኢትዮጵያ አባ ማስያስ የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ አስተምረው ተባረዋል፤ ይዘውት የመጡት ሥርዓትም የእሑድን እንጂ የቅዳሜን ሰንበት የሚያውቅ አልነበረም። በነባሩ የካፋና የጎረቤቷ የሸካ እምነት ደግሞ ዛፍ የማይቆረጥባቸው የተከበሩ የደን ቦታዎች አሉ፤ ደጆ የሚባለው የምስጋና ሥርዓትም ከእርሻና ከደን ጋር የተሳሰረ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር ራሷ በሰባተኛው ዓመት ሰንበት እንደሚገባት ሲያዝዝ፣ ሰው እጁን የሚሰበስብበት ቦታና ጊዜ ይኑር የሚለውን ሐሳብ ካፋ ከመጽሐፉ ሳይደርሳት በፊት በራሷ መንገድ ታውቀው እንደ ነበር ማስተዋል ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን ይተካል ማለት ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ድል አድርጎ የመጨረሻውን ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ከማረከ በኋላ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከነቅዳሜውና ከነእሑዱ በስፋት ገባ። በዚያው ሠረገላ የገባ ሌላ ሥርዓት ግን ነበር፤ ገባር ይባላል። ገባር ማለት ለተመደበለት ሹም ወይም ባለ ጠመንጃ ከምርቱ ግብር እየከፈለ በጉልበቱም የሚያገለግል ገበሬ ነው። የባሪያ ንግድም አገሩን ክፉኛ ጎዳው። እዚህ ላይ የማርቆስን ጥቅስ ብቻውን ማንበብ አይበቃም፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበትን ትእዛዝ ሲሰጥ ወንዱም ሴቷም አገልጋይ እንደ ጌታቸው ያርፉ ዘንድ መሆኑን ለይቶ ይናገራል፣ ምክንያቱንም በግብፅ ባሪያ የነበርህ መሆንህን አስብ በሚል ሐሳብ ያስቀምጣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 የሰንበት ምክንያት የዓለም ፍጥረት ነው፤ በዘዳግም ግን የባርነት ትዝታ ነው። ስለዚህ ሰንበት ስለ ሰው ከተፈጠረች ያ ሰው አስቀድሞ ሌላው የሚያዝበት ሰው ነው። ጌታው ዐርፎ ገባሩ የሚፈጭበት፣ እንጨት የሚሸከምበት ቤት ካለ ያ ቤት ቅዳሜንም እሑድንም አላከበረም፤ ቄስ ቢገባበትም ባይገባበትም። ካፋዎች ከጊዜ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱን የራሳቸው አድርገው መያዛቸው፣ ልጆቻቸው በመቅደሷ ማገልገላቸው፣ ሰንበት ከጠመንጃው ሥርዓት ጋር ብትመጣም የእርሱ ንብረት እንዳልነበረች ያሳያል።

ዛሬ በካፋ ሰንበት የምትፈተነው በቡናው ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች በአንድ ቀን አይቀሉም፤ አረንጓዴው፣ ብጫውና ቀዩ ተቀላቅለው ስለሚቆዩ ለቃሚ ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። ያሳለፈው ፍሬ ይጠቁራል ወይም መሬት ይወድቃል። የተለቀመ እሸት ቡና በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ ወይም ካልተሰጣ ሙቀት ይዞ ይፈላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ደግሞ በየጊዜው በእጅ መገላበጥ፣ ዝናብ ሲያስገመግምና ሲመሽ መሸፈን አለበት። ስለዚህ በመከር ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ለሁለት ተከታታይ ሰንበታት ሥራ ማቆም ለገበሬው እውነተኛ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ በየወሩ የሚከበሩት የቅዱሳን በዓላት ይጨመራሉ። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥራለችና ይለቀም የሚለው ድምፅ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ጥቅሱ ይህን ድምፅ ይደግፋል ማለት ያስቸግራል። ደቀ መዛሙርቱ እሸቱን ለገበያ አልሰበሰቡትም፤ የቀጠፉት በመዳፋቸው ተሻሽቶ የሚያልቅ ነበር። የመከርን ችኮላ የኦሪት ሕግ አስቀድሞ አይቶ እንቢ ብሎታል፤ ትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 8 ደግሞ እህል ለመሸጥ ሰንበት መቼ ታልፋለች እያሉ መስፈሪያ የሚያሳንሱትን ነጋዴዎች ይከስሳል። ጉድጓድ የገባ በግ ግን በሰንበት እንደሚወጣ በማቴዎስ ምዕራፍ 12 ተነግሯል፤ በሙት ባሕር አጠገብ ከነበረው ማኅበር ጋር ዝምድና ያለው ጥንታዊ ሥርዓት ይህንንም ከልክሎ ነበር። በዚህ ልዩነት ከተሄደ በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና በእሑድ ጠዋት ዝናብ ሲመጣበት ቤተሰቡ ሮጦ ቢሸፍነው የተደረገው በጉን ከጉድጓድ ማውጣት ነው፤ የዓመት ልፋት እንዳይጠፋ መታደግ እንጂ አዲስ ትርፍ መጀመር አይደለም። ከማሳው አዲስ እሸት ማስለቀም ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይልቁንም የሚለቅመው ባለማሳው ራሱ ሳይሆን ሲቀር።

ለቃሚው ብዙ ጊዜ በኪሎ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ነው፤ አንዳንዱም ከሩቅ አገር ለመከሩ ብቻ የመጣ ነው። ለእርሱ ሁለት ቀን ማረፍ ሁለት ቀን ያለ ገንዘብ ማደር ነውና፣ ባለማሳው ሰንበት ነው ብሎ ሲያሰናብተው ሕግ ሊፈጸም፣ ሰውየው ግን ሊራብ ይችላል። በማርቆስ የተራቡት መንገደኞች ቦታ የያዘው እርሱ ነው፤ እርሱን አድክሞ ማሠራትም ባዶ እጁን ማሳረፍም ጥቅሱን አያነብበውም። በበረሃው መና ታሪክ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16፣ ሰንበት ለሕዝቡ በተነገረችበት በዚያ የመጀመሪያ ቦታ፣ ሰዎቹ በሰባተኛው ቀን እንዳይለቅሙ የታዘዙት በስድስተኛው ቀን ለእያንዳንዱ እጥፍ ከተሰጠ በኋላ ነበር።